ስም ያለው ፎቶ

“ስለ ፎቶ ክበብ ተናገር፤ ሰው ተሰብስቦ ካሜራ ከማወዳደር ሌላ ምን ሊሠራ እንደሚችል ንገረን” ነው የተባልኩት። መልሱን ከሩቅ ዘመን ልጀምረው፤ ከወሎ ግን አልወጣም።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነውን የማያውቅ እዚህ የለም። ብዙ ጊዜ የማይነሳው ነገር፣ የእንግሊዝ ጦር ከመድፉና ከዝሆኖቹ ጋር ካሜራም ይዞ መምጣቱ ነው። የጦሩ መሐንዲሶች ፎቶ አንሺዎች ነበሯቸው። የዚያን ጊዜ ፎቶ ማንሳት ቀልድ አልነበረም። መስታወት ላይ መድኃኒት ይቀባል፤ ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ይገባል፤ ከተነሳም በኋላ ሳይደርቅ እዚያው ድንኳን ውስጥ ይታጠባል። ይህን ሁሉ መስታወት፣ ጠርሙስና ድንኳን በከብት ጀርባ ጭነው ያንን ገደል ሁሉ አሳልፈው አምባውን አነሱ፤ ከእስር የተፈቱትን ፈረንጆች አነሱ። ዐፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሱት ፎቶ ግን አይታወቅም።

ልጃቸው ተነስቷል። በዚያው ክረምት፣ ዋይት በምትባል የእንግሊዝ ደሴት፣ የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ካሜራ ፊት ቀረበ። አባቱ መቅደላ ላይ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ደግሞ ጦሩ ሲመለስ መንገድ ላይ ሞተውበታል። ከተነሱት ፎቶዎች በአንዱ አጠገቡ ያለው፣ ሞግዚት ሆኖ የወሰደው ካፒቴን ስፒዲ ነው፤ የሐበሻ ልብስ ለብሷል። ልጁ ዓይኑን የጣለበት ቦታ የለም። እዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው አይመስልም። ብዙ የቤተ መንግሥት ፎቶ አይቻለሁ፤ የዚህን ልጅ ፊት ያህል ልቤን የበላው የለም።

ያነሳችው ሴት ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን ትባላለች። ክበብ ለምታቋቁሙ ሰዎች የእሷ ነገር በደንብ መነገር አለበት። የመጀመሪያ ካሜራዋን ልጇ ስጦታ ብላ ስትሰጣት ዕድሜዋ 48 ነበር። ከዚያ በፊት የፎቶ ሙያ አታውቅም። የከሰል ማስቀመጫ ቤቷን ጨለማ ክፍል አደረገችው፤ ዶሮዎቿን አስወጥታ መስታወት የለበሰውን የዶሮ ቤት ስቱዲዮ አደረገችው። በ1853 እ.ኤ.አ. ወደተቋቋመው የለንደን የፎቶግራፍ ማኅበርም ገባች። ማኅበርተኞቹ ግን አልተቀበሏትም ማለት ይቀላል። “ፎከሷ የላላ ነው፣ መስታወቷ የጣት አሻራ አለበት፣ መድኃኒቱ ተዝረክርኳል” እያሉ አጣጣሏት። ነቀፋቸው በቴክኒክ ረገድ ውሸት አልነበረም። ዛሬ ግን የእነዚያን ነቃፊዎች ፎቶ የሚፈልግ የለም፤ የእሷን ግን ትልልቅ ሙዚየሞች ይሻሙበታል። የናንተ ስብስብ እንደዚያ ማኅበር እንዳይሆን ነው የምፈራው። አንዲት ልጅ የእናቷን ፎቶ በስልኳ አንስታ ብትመጣ፣ “ሌንስሽ ስንት ነው? ለምን ጨለመ?” ተብላ የምትመለስበት ቤት ከሆነ፣ ባይቋቋም ይሻላል።

ካሜሮን ሌላም ልማድ ነበራት። ያተመችውን ፎቶ ካርቶን ላይ ትለጥፍና ከሥሩ በእጇ ትጽፍበታለች። የተነሳው ማን እንደሆነ ትጽፋለች፤ ከሕይወት የተነሳ መሆኑንም ትጽፋለች፤ ፊርማዋን ታኖራለች። ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ፤ ፎቶው ግን ከነስሙ አለ። ዛሬ የመጣሁበት ጉዳይ ይኸው ነው። ክበቡ ከሁሉ አስቀድሞ የማተሚያና የስም መጻፊያ ቤት ቢሆን ደስ ይለኛል። ማንሳቱማ፣ ዛሬ ማን የማያነሳ አለ?

ወሎ ብዙ ፎቶ የተነሳ አገር ነው፤ አብዛኛውን ያነሳው ግን እንግዳ ነው። ከዚሁ ከወሎ ንጉሥ ልጅ ከልጅ ኢያሱ ጋር የተያያዘውን ወሬ ሰምታችኋል። እስላማዊ ልብስ ለብሰው የሚያሳያቸው ተቀነባብሮ የተሠራ ፎቶ ተበትኖ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ለመሻራቸው አንዱ መሣሪያ ሆኗል ሲባል ኖሯል። ፎቶ መቀሸብ በፎቶሾፕ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እዚያው ነበሩ፤ የውጭ ጋዜጠኞችና ካሜራ የያዙ ሰዎችም ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ መትረየስ ይዘው የሚታዩበት ፎቶ በዓለም ጋዜጦች ዞሯል። ያን ቀን ቤታቸው የተቃጠለባቸውን የደሴ ሰዎች ግን በስም የሚያሳየኝ ፎቶ ካለ አምጡልኝ።

ረሃቡ ደግሞ መጣ። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያዩትን በፎቶ ይዘው ተመለሱ፤ ፎቶዎቹም ግቢው ውስጥ ለተማሪው ታዩ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ምን ጉልበት እንዳለው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ረሃቡን የሚያሳየው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ለእኛም ታየ። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው የሌላ ረሃብ ፊልም በቢቢሲ ተላለፈ፤ ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ዓለም ደነገጠ፤ እርዳታም መጣ። ይህን አላራክስም፤ ያ ካሜራ ነፍስ አድኗል። ነገር ግን በዚያ ሜዳ ላይ የተቀመጠው ሕዝብ አባትና እናት ያወጡለት ስም ነበረው። ከዚያ ዘመን ምስሎች ስሟ ለዓለም የተነገረ የትግራይዋ ብርሃን ወልዱ ናት፤ መቐለ ላይ በሕፃንነቷ ተቀርጻ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ በ2005 እ.ኤ.አ. ለንደን ሃይድ ፓርክ መድረክ ላይ በስሟ ተጠርታ ቆመች። የቀሩት “የረሃብ ሰለባዎች” ተብለው ቀሩ።

እንግዲህ ይህን የምለው ፈረንጅ ለመውቀስ አይደለም። እንግዳ ስም ካልጠየቀ እኛ መጻፍ ነበረብን። ደግሞም እንጽፍ ነበር።

እኔ ወጣትነቴን ያሳለፍኩት ደሴ ውስጥ በአንድ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ነው። ከፊት ለፊት ደንበኛ የሚገባበት ክፍል አለ፤ አንድ መስታወት፣ የተንጠለጠለ ማበጠሪያ፣ ሁሉም የሚዋሰው አንድ ኮትና አንድ ክራቫት። ግድግዳው ላይ የተሳለ ፏፏቴ ወይም አውሮፕላን። ጉርድ ፎቶ ለመታወቂያ፣ ሙሉ ፎቶ ለማስታወሻ። ከኋላ ደግሞ ቀይ አምፖል ብቻ የሚበራበት ጠባብ ክፍል አለ። ነጋቲቩን ማሳደጊያው ላይ አስገብተህ ብርሃኑን ለጥቂት ሴኮንድ በወረቀቱ ላይ ታሳርፋለህ። ወረቀቱ ነጭ ነው፤ ምንም አይታይበትም። መጀመሪያው ሳህን ውስጥ ትነክረውና ሳህኑን በቀስታ ታወዛውዛለህ። አስቀድሞ የሚመጣው ጥቁሩ ነው፤ ፀጉር፣ ቅንድብ፣ የኮቱ ኮሌታ። ቀጥሎ ጥላው አፍንጫውን ያወጣዋል። ፊቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚሞላው። ትንሽ ከዘገየህ ሰውዬው ይጠቁርና ተጣልቶህ ይሄዳል፤ ከቸኮልክ ገርጥቶ የታመመ ይመስላል። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ሳህን፣ ከዚያ ወደ ፊክሰሩ። የፊክሰር ሽታ ከልብስ አይለቅም፤ እናቴ ከበር ሳልገባ ታውቀኝ ነበር።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ውኃ ነው። ፊክሰሩ ከወረቀቱ በደንብ ታጥቦ ካልወጣ ፎቶው ከዓመታት በኋላ ይበልዛል፤ ቢጫ ነጠብጣብ ያወጣል። ደሴ ውስጥ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ጊዜ ባልዲ ተቀድቶ ይጠበቃል፤ ያልተጠበቀ ለት መታጠቡ ይሳሳል። በሰው ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ጎኑ የበለዘ የድሮ ፎቶ ስታዩ ብዙ ጊዜ የጸሐይ ነገር ብቻ አይደለም። የዚያን ለት ውኃ አልነበረም ማለት ነው።

ፎቶው ሲደርስ ደንበኛው ተቀብሎት ወዲያው አይሄድም። እስክሪብቶ ይለምነንና ይገለብጠዋል። ጀርባው ላይ “ለማስታወሻ ይሁንህ” ብሎ ይጀምራል። ለማን እንደሆነ ይጽፋል፤ ከማን እንደሆነ ይጽፋል፤ “ደሴ” ይላል፤ ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት ያኖራል። ግጥም የሚጨምር ነበር፤ ግጥም የማይሆንለት ደግሞ ጓደኛውን ያስገጥም ነበር። ወታደር ወደ ግንባር ሲሄድ፣ ተማሪ ከወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ጨርሶ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ልጅት ለአረብ አገር ስትነሳ፣ ፎቶ ሳይሰጣጡ መለያየት ነውር ነበር። ፊት ለፊቱን ፎቶ አንሺው ይሠራዋል፤ ጀርባውን ባለቤቱ። ከሁለቱ የትኛው ዛሬ የበለጠ ዋጋ እንዳለው ብትጠይቁኝ፣ ጀርባው እላችኋለሁ።

ይህ ልማድ የጠፋው ካሜራ ስለጠፋ አይደለም፤ ወረቀት ስለጠፋ ነው። ስልካችን ውስጥ ያለው ፎቶ ጀርባ የለውም። ቁጥር ነው ያለው፤ ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ውኃ ሲገባው ቁጥሩም የለም። የ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሲመጣ ስንት ቤት አልበሙን እንዳጣ እናንተው ታውቃላችሁ። የደሴ ሙዚየም እንኳ ተዘርፏል። አንድ ወረቀት ደሴ፣ አንድ ቅጂ ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት፣ አንድ ቅጂ ዲሲ ያለች እህት ዘንድ ቢኖር ኖሮ ከሦስቱ አንዱ ይተርፍ ነበር።

ከቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ሽመልስ ደስታን አስባለሁ። በንጉሡ ዘመን ገብቶ በደርግም ዘመን የሠራ ሰው ነው። ሲሰደድ ነጋቲቮቹን አልጣላቸውም፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ለሕዝብ ታዩ። ነጋቲቭ ማለት ቀጭን ፕላስቲክ ነው፤ ያንን ያዳነ ሰው የአንድ ዘመን ፊት አድኗል።

እሺ፣ ስብሰባው ላይ ምን ይደረግ? ማሊ ልውሰዳችሁ። ባማኮ ውስጥ ማሊክ ሲዲቤ የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር፤ የራሱ ስቱዲዮ ነበረው፤ የምላችሁ ነገር የ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። የከተማው ወጣቶች በየሰፈሩ ክበብ አቋቁመው ቅዳሜ ማታ ይጨፍራሉ። ሲዲቤ በየጭፈራው እየዞረ ያነሳል፤ ሌሊቱን ያጥባል፤ ትንንሽ ሕትመቶችን ካርቶን ላይ ለጥፎ ስቱዲዮው ያወጣል። ወጣቶቹ መጥተው ራሳቸውን ይፈልጋሉ፤ ይሳሳቃሉ፤ የሚፈልጉትን ያዛሉ። ጨዋታው ዳግመኛ የሚደምቀው ካርቶኑ ፊት ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የሃሰልብላድን ሽልማት፣ በ2007 ደግሞ የቬኒስን የወርቅ አንበሳ ሲሸለም፣ ዓለም ያደነቀው እነዚያን የሰፈር ጭፈራ ፎቶዎች ነበር።

እኛ ከዚህ የተሻለ ነገር አለን፤ ቡና አለን። አዘጋጆቹን የምለምነው ይህን ነው። እያንዳንዱ ሰው የታተመ አንድ ፎቶ ይዞ ይምጣ። አንድ ብቻ፤ ብዙ ያመጣ ሰው መርጦ አልመጣም ማለት ነው። ቡናው እስኪፈላ ስልክ አይወጣም። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ አንሺው በአቦሉ ዝም ይላል፤ ሌላው ያየውን ይናገራል። በቶናው አንሺው ይናገራል፤ የት፣ መቼ፣ ማን፣ ለምን። በበረካው ጀርባው ላይ ይጻፋል። ወሎ ውስጥ ቡና ተፈልቶ ጨዋታ ጠፍቶ አያውቅም፤ ዱዓውም ምርቃቱም ይከተላል። መውሊድን ያነሳው ልጅና ጥምቀትን ያነሳችው ልጅ ፎቷቸው በአንድ ረከቦት ዙሪያ ይዞራል፤ ይህን ለወሎ ሰው ማስረዳት ይቅርብኝ።

ሕትመቱ ላይ ጥቂት ልበል፤ ሙያዬ ነውና ታገሱኝ። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ፎቶ 1200 በ1800 ነጥብ ያህል ይበቃል፤ አብዛኛው ስልክ ከዚያ በላይ ያነሳል። የሚበላሸው ሲላክ ነው። በቴሌግራም ዝም ብላችሁ ስትልኩ ይጨመቃል፤ በፋይል መልክ ላኩት። ማተሚያ ቤት ስትሄዱ “አሳምርልኝ” አትበሉ። አሳምርልኝ ያላችሁ እንደሆነ ሙሽራዋ ፊት ላይ አንድ መጨማደድ አይቀርም፤ የሙሽራዋ እናት ግን ልጇን አታውቃትም። የድሮ ፎቶ በካሜራ ስትገለብጡ ፍላሽ አታብሩ፤ መስኮት አጠገብ ዘርግታችሁ ካሜራውን ከላይ ቀጥ አድርጉት። አልበም ላይ የተጣበቀውን በጉልበት አትላጡት፤ ከነገጹ አንሱት።

ለመጻፍ፣ በድሮው ወፍራም ወረቀት ጀርባ ለስላሳ እርሳስ ይበቃል፤ ሳትጫኑ ጻፉ፤ አለዚያ ፊት ለፊቱ ላይ ይወጣል። የአሁኑ የፎቶ ወረቀት ፕላስቲክ የለበሰ ስለሆነ እርሳስ አይዝም፤ ቀጭን የማይለቅ ማርከር ተጠቀሙ፤ ሳይደርቅ በሌላ ፎቶ ላይ አትደርቡት። ከደሴ ብርድ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ደግሞ ካሜራውን ከቦርሳ ቶሎ አታውጡት። ከ600 ሜትር በላይ ነው የምትወርዱት፤ የበረደው መስታወት ሞቃቱን አየር ሲያገኝ ላብ ይይዘዋል። ትንሽ ታገሱት።

ያለንበት ቦታ ቦሩ ሜዳ ስለሆነ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እዚህ ያለው ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠጊያ ሆኖ ተጀምሮ ስንቱን የዳሰሰ፣ ለዓይን ሕክምናም ከሩቅ የሚመጣበት ቤት ነው። ካሜራ ያነገተ ሰው ደጃፉ ላይ ብዙ የሚያጓጓ ፊት ያያል። አታንሱ አልልም። አስቀድማችሁ ቁሙ፤ ሰላም በሉ፤ ስም ጠይቁ፤ የራሳችሁን ስም ንገሩ። “እማማ፣ ላንሳዎት?” በሉ። እምቢ ካሉ ተመስገን ብላችሁ እለፉ። እሺ ካሉ ደግሞ አሳትማችሁ ይዛችሁላቸው ሂዱ። ፎቶ ተነስቶ ፎቶውን ያላየ ሰው በወሎ ሞልቷል፤ በዚያ ቁጥር ላይ እኛ አንጨምር። ያነሳውን ላነሳው ሰው ያልሰጠ አባል የሚቀጥለውን ፎቶ ለስብሰባ አያቅርብ የሚል ደንብ ብታወጡ እኔ እደግፋለሁ።

በአዲስ አበባ ወጣቶች ከየቤተሰቡ አልበም የሰበሰቧቸውን የድሮ ፎቶዎች “ቪንቴጅ አዲስ አበባ” ብለው በመጽሐፍ አሳትመዋል። አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስትም የዓለምን ፎቶ አንሺ ወደ አገራችን አምጥቷል። ደሴ ከዚህ ምን ያንሳታል? ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ፣ ከኮምቦልቻ የፋብሪካ ሠራተኞች መንደር እስከ ሐይቅ፣ በየቤቱ አልጋ ሥር ሳጥን አለ፤ ሳጥኑ ውስጥ አልበም አለ። አልበሙ ውስጥ ያሉትን የሚያውቁ ሰዎች ግን ዕድሜያቸው ገፍቷል። “ይቺ እገሊት ናት፤ ይሄ የእገሌ ልጅ ነው፤ ይህ ቤት አሁን የለም” የሚሉን እነሱ ናቸው። እነሱ ካለፉ በኋላ ካሜራ ብንለውጥ፣ ማተሚያ ብናስመጣ ያንን አይመልስልንም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ የራሳችሁን ፎቶ ተዉት። ከቤታችሁ አንድ የድሮ ፎቶ አምጡ፤ በዚያ ፎቶ ውስጥ ያለውን ሰው የሚያውቅ አንድ አዛውንትም ይዛችሁ ኑ፤ መጓጓዣውን ተካፈሉት። ልጆች ያገላብጣሉ፣ አዛውንቶች ይናገራሉ፣ እኛ እንጽፋለን። እርሳስና ማርከር እኔ አመጣለሁ።